እንግዳው ነው የያዘኝ

እህቴ አደይ የተሳፈረችበት ባጃጅ ቡሬ መናኸሪያ ፊት ለፊት የተገለበጠው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ የመስከረም ዝናብ ገና አላባራም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጀመረች ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር። ሰው ጠርቶኝ ስደርስ ጭቃው ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ቀኝ ክንዷን ደግፋ ይዛለች። አታለቅስም። «ጋሼ፣ ደብተሮቼን ሰብስብልኝ» ነበር ያለችኝ።

የተሰበረው ከአንገቷ ሥር ያለው አጥንት ነው። ጤና ጣቢያ ክንዷን በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠልጥለው ሰደዱን። አባታችን ላቀው ከሽንዲ ወዲያ ካለው ቀዬአችን ወሬውን ሰምተው ሲመጡ ግን ወጌሻ አስከትለው መጡ። ወጌሻው የታሰረውን ፈትቶ፣ በቅቤ አሽቶ፣ እንደገና አጥብቆ አሰረው። አደይ የጮኸችው ያን ቀን ነው።

እኔ ያን ጊዜ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነኝ። ስሜ እንግዳው ነው። በፋርማሲ ዲፕሎማ ስመረቅ አባቴ ባሕር ዛፋቸውን አስቆርጠው ሸጠው ቡሬ ላይ፣ በነቀምት መንገድ ዳር፣ አንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት ከፈቱልኝ። ከመደርደሪያው በስተጀርባ ሁለት አልጋ የምትይዝ ክፍል አለች። አደይና እኔ የምንኖረው እዚያ ነበር። አባቴ በቀዬው ለጠየቃቸው ሁሉ «ልጄ ሐኪም ነው» ይላሉ። «አባዬ፣ መድኃኒት ሻጭ እንጂ ሐኪም አይደለሁም» ስላቸው «ሁለቱም ሰው ያድናል» ይሉኛል። ከዚያ ወዲህ በቀዬአችን ስሜ «ሐኪሙ» ሆኖ ቀረ። እንግዳው ብላ የምትጠራኝ እናቴ በለጠች ብቻ ናት፤ አደይ «ጋሼ» ነው የምትለኝ።

ወጌሻው ከሄደ በኋላ ሕመሙ ጠናባት። ፓራሲታሞል ሰጠኋት፣ ዲክሎፌናክ ሰጠኋት፣ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። በመጨረሻ ከላይኛው መደርደሪያ ትራማዶል አወረድሁ። ያለ ሐኪም ማዘዣ እንደማይሰጥ አውቃለሁ። ተምሬዋለሁ፤ መደርደሪያው ላይም በገዛ እጄ ጽፌ ለጥፌዋለሁ። ግን የምታቃስተው እህቴ ናት፣ መድኃኒቱም እጄ ላይ ነው። ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቢጫ የሆነውን እንክብል በውኃ ዋጠችው። ጥቂት ቆይታ ፊቷ ተፈታ። «ጋሼ፣ አሁን ሰው ሆንሁ» አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ኮራሁ።

አጥንቱ በስድስት ሳምንት ገጠመ። እንክብሉ ግን አልቆመም። መጀመሪያ «ሲበርድ ይጠዘጥዘኛል» አለች። ቀጥሎ «ስጽፍ ያመኛል» አለች። እየቆየች ምክንያት መስጠቱንም ተወችው፤ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ስትወጣ እጇን ትዘረጋልኛለች፣ እሰጣታለሁ። አንድ ቀን «በቃሽ» አልኋት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ሰዓቱ ሳይደርስ ተመለሰች። ታዛጋለች። አፍንጫዋ ይፈስሳል። ላብ ያጠምቃትና መልሶ ይበርዳታል፤ የክንዷ ፀጉር ቆሟል። እግሯን የምታሳርፍበት አጥታ አልጋው ላይ ትገላበጣለች። ጉንፋን ነው አለችኝ። እኔ ግን ምን እንደሆነ አወቅሁት። አወቅሁትና አንድ እንክብል ሰጠኋት። ተነሥታ ፀጉሯን አበጠረች፣ ሽሮ ሠራችልን፣ ተቀምጣ ሒሳብ አጠናች። ምንም ያልነካት ልጅ ሆነች።

ያን ቀን ማቆም ነበረብህ የሚለኝ ሰው ይኖራል። እኔም ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ።

ታኅሣሥ ላይ መደርደሪያውን ሳስተካክል የትራማዶሉ ፓኬቶች ቀለሉብኝ። ከፍቼ አየሁ። አራቱ ባዶ ናቸው። እንክብሎቹ የታሸጉባቸውን ስትሪፖች አውጥታ፣ ፓኬቱ እንዳይጎድልና እንዳያሳብቅ ወረቀት አጣጥፋ ጠቅጥቃበታለች። ወረቀቱን ስዘረጋው የባዮሎጂ ማስታወሻዋ ነው፤ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ የተጻፈ። ቁልፉን ቀየርሁ። አልተጣላንም። አዲሱን ቁልፍ አንገቴ ላይ ሳስር አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ከሳምንት በኋላ አብራት የምትማር ሄቨን የምትባል የመምህር ልጅ መጣች። መድኃኒት የምትገዛ መስላ ቆማ ሰው እስኪወጣ ጠበቀች።

«ጋሽ እንግዳው፣ አደይ ከመናኸሪያው ኋላ ሱቅ ካለው ሰውዬ እየገዛች ነው» አለችኝ። «በአንድ ጊዜ አምስት፣ ስድስት ነው የምትውጠው።»

«ሌላስ የሚወስድ አለ?»

ጣቶቿን እያየች፣ «በእኛ አንድ ለአምስት ሦስታችን ቀምሰናል» አለች። ያን ጊዜ ተማሪው ሁሉ ለጥናት አንድ ለአምስት እየተባለ ይደራጅ ነበር። «የፈተና ፍርሃት ያጠፋል ብላ አደይ ናት ያመጣችልን። እኔን አስመለሰኝና ተውሁት። ሁለቱ አልተዉትም።»

አደይ ከማን ቤት እንዳመጣችው ሄቨንም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሁለታችንም አላነሣነውም።

አደይን ያን ዕለት አስቀምጬ ጠየቅኋት። «በቀን ስንት ነው የምትውጪ?»

«እንደ ቀኑ።»

«ተይው በቃ።»

«አልቻልሁም ጋሼ። አንተ ሳታውቅ ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ስተወው ሰውነቴ የእኔ አይመስለኝም።»

«ሆስፒታል ልውሰድሽ።»

«እሺ ውሰደኝ። ከየት አመጣችው ሲሉህ ምን ትላቸዋለህ?»

የሙያ ፈቃዴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አባቴ «ሁለቱም ሰው ያድናል» የሚሉት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነው። እናም ራሴን እንዲህ ብዬ አሳመንሁ። ከማታውቀው ሰው ከምትገዛ እኔ ልስጣት፣ እየቀነስሁ አስተዋታለሁ። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት። ልቀንስ ስል ትታመማለች፤ ስትታመም ፈርቼ እጨምራለሁ። ስከፍት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ስዘጋም አጠገቤ ናት። ያለ እኔ መዋል አትችልም፤ እኔም ከዚያች ክፍል ርቄ ማደር አልችልም። ፍኖተ ሰላም የቅርብ ጓደኛዬ ሲያገባ ሚዜ ልሆን ቃል ገብቼ ቀረሁበት። አመመኝ አልሁት። ማን ማንን እንደያዘ ለይቶ መናገር እስኪያቅተኝ ድረስ፣ ሁለታችን አንድ ገመድ ላይ የታሰርን ከብቶች ሆንን።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ለአስተርእዮ ማርያም ወደ ቀዬአችን ሄድን። አባቴ ጥር ሃያ አንድን በየዓመቱ ይዘክራሉ። ጎረቤቱ በሙሉ ተጠርቷል። ከተጠሩት አንዱ ይርሳው የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ከዱርቤቴ በኩል መጥቶ፣ ከሠፈሩ ጥግ ጎጆ ቀልሶ፣ ለገበሬው ማረሻና ማጭድ እየሠራ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ከተቀመጠ ዓመት አልሞላውም። ቀጥቃጭን ዓይኑ ክፉ ነው፣ ሰው ይበላል እያለ የሚሸሽ ብዙ ነው። አባቴ እንደዚያ አልነበሩም። ይርሳው ግን ልማዱን ያውቃልና በሩ አጠገብ ነው የተቀመጠው።

አደይ ጠላ እየቀዳች ስታዞር ደህና ነበረች። እንዲያውም ትስቃለች። ይርሳው ዋንጫውን ዘረጋላት። እሷም ጎንበስ አለች፤ በዚያው ወደቀች። ማሰሮው ተሰበረ። ዓይኗ ተገለበጠ፣ ጥርሷ ተነከሰ፣ እጅና እግሯ ይመታ ጀመር። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሲሸሽ ይርሳው ነው ተንበርክኮ ራሷ ከደጃፉ ድንጋይ ጋር እንዳይጋጭ በሁለት መዳፉ የያዛት።

ምን እንደሆነ ያወቅሁ እኔ ብቻ ነኝ። ትራማዶል ሲበዛ እንዲህ ይጥላል። እኔ ከሰጠኋት ሌላ ደብቃ ያመጣችው ነበር፤ ኋላ ባዶውን ስትሪፕ ከነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ አገኘሁት። ፈትቼ ኪሴ ከተትሁት። ከቤቱ ውስጥ «የሚጥል በሽታ ነው» የሚልም አለ፣ «አይ፣ ዓይን ነው» የሚልም አለ። «ሐኪሙ፣ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «እንጃ» አልሁ።

በማግሥቱ ከወንዙ ማዶ ገደል ሥር ወዳለው የማርያም ጠበል ወሰዷት። አባቴ በበቅሎ፣ እናቴ በእግሯ፣ ያለው የሚባለው አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ እሱም ከነልጆቹ አብረው ወረዱ። አጎቴ ያለው ደግ ሰው ነው፤ ግን ከቸኮለ የሚመልሰው የለም። ለአደይና ለእናቴ ከጠበሉ አጠገብ ጎጆ ተሰጣቸው። ሁለት ሳምንት ልትጠመቅ ታሰበ።

በጃኬቴ የደረት ኪስ ሁለት ስትሪፕ ይዣለሁ። አደይም ታውቃለች። የመጀመሪያው ቀን ዓይኗ ከኪሴ ላይ አልተነሣም። ብሰጣት እንደገና ሊጥላት ይችላል። ብከለክላት በአንድ ጊዜ መቋረጡ ምን እንደሚያደርጋት አይቻለሁ። እናቴ ደግሞ ከአጠገቧ አትለይም። እውነቱን ብናገር ሁሉም ነገር ይፈርሳል። በዚያ ገደል ሥር፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ የምሄድበት ጠፍቶኝ ከአንዱ ዋርካ ወደ ሌላው ዋርካ ስመላለስ ዋልሁ።

አንድም እንክብል ሳልሰጣት በሦስተኛው ቀን በሽታው አፍጥጦ መጣ። ታስመልሳለች። ሆዷ ይቆርጣታል። ትንቀጠቀጣለች፣ ልብሷን ትገፋለች፣ መልሳ ትከናነባለች። ለሚያያት ሰው ሌላ ፍጥረት ነው የሚመስለው። ጠዋት ከጠበሉ ሲያወጧት አራት ሰው አልቻላትም። አጥማቂው አባ ክንፈሚካኤል ሸምግለው የመነመኑ መነኩሴ ናቸው። መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳርፈው፣ እንደ ሌላው ሳይጮኹ፣ «ልጄ፣ ማን ነው የያዘሽ?» አሏት።

አደይ ሕዝቡን በዓይኗ ፈለገች። እኔን አገኘችኝ።

«እንግዳው ነው» አለች። «እንግዳው ነው የያዘኝ። እንግዳው ይምጣ!»

እልልታው ቀለጠ። «ተናገረ! ተናገረ!» ይላል ሰው። አጎቴ ያለው ዱላውን ወደ ላይ አንሥቶ፣ «ሰማችሁ? እንግዳው ነው አለች! በቀዬአችን ከይርሳው በቀር ምን እንግዳ አለ? የወደቀችስ ለእሱ ስትቀዳ አይደለም? ራሷን የጨበጠስ ማን ነበር?» አለ። ቃሉ ከአፍ አፍ እየዘለለ ሲሄድ ሰማሁት። የጎጃም ሰው አንድን ቃል ከሁለት ሰንጥቆ መስማት ያውቅበታል፤ ሰሙን ከወርቁ ይለያል። ያን ቀን ግን ሁሉም ሰሙን ይዞ ሮጠ።

ዞር ስል እናቴ እያየችኝ ነው። ቀስ ብላ መጣችና ከአጥሩ ጥግ አቆመችኝ።

«ስምህን ነው የጠራች» አለችኝ።

«እየቀበዣዠረች ነው እማዬ።»

«ስትቀበዣዥር ጋሼ ትል ነበር። ከተወለደች እንግዳው ብላህ አታውቅም። ምን አድርገሃት ነው?»

«ምንም አላደረግሁ።»

«እሺ» አለች። ያቺ «እሺ» ከእርግማን ባሰችብኝ። ተመልሳ የአደይን እግር በነጠላዋ ሸፍና ተቀመጠች።

ያን ቀን መናገር እችል ነበር። አልተናገርሁም። ነገሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል ብዬ ለራሴ ነገርሁት።

በማግሥቱ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ከዋርካው ሥር ሲሰበሰብ አጎቴ ያለው ከጎረምሶቹ ጋር መታጠቂያውን እያጠበቀ አገኘሁት። ልማዱን ሁላችንም እናውቃለን። በላ ከተባለው ሰው ልብስ ቅዳጅ አምጥተው የታመመውን ያጥኑበታል። «ነጠላውን ይስጠን። እምቢ ካለ ጎጆውን በላዩ ላይ እናነደዋለን» ይላል። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አይከለክሉም፣ አይፈቅዱም። የሦስት ቀን እንቅልፍ ማጣት ሌላ ሰው አድርጓቸዋል።

በዚህ መካከል አንዲት ሴት ቁልቁለቱን ስትሮጥ ወረደች። የይርሳው ሚስት አስካለ ማርያም ነበረች። አባ ክንፈሚካኤል እግር ላይ ወደቀች።

«አባ፣ ይድረሱልኝ! ከትናንት ጀምሮ በራችን በድንጋይ እየተደበደበ ነው። ልጆቼ ውስጥ ናቸው። ባሌ ምን አደረገ? የወደቀች ልጅ ነው የደገፈ። ስትወድቅ ቆሞ ይያት ነበር?»

ጎረምሶቹ እሷን አልፈው መሄድ ጀመሩ።

«እንግዳው እኔ ነኝ» አልሁ።

ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፣ ማንም አልዞረም። ሮጬ ፊታቸው ቆምሁና ጮኽሁ፤ «እንግዳው እኔ ነኝ!»

አጎቴ ቆመ። «ሐኪሙ፣ አንተ ደግሞ ምን ሆንህ?»

«ስሜን ረሳችሁት? እንግዳው ላቀው እባላለሁ። የጠራችው እኔን ነው። ይርሳው ምንም አላደረገም። ዓይን አይደለም፣ ጋኔንም አይደለም። እኔ የሰጠኋት መድኃኒት ነው።» ስትሪፖቹን ከኪሴ አወጣሁ። አንዱ ከእጄ አምልጦ መሬት ወደቀ። «ክንዷ ሲሰበር ሕመም ያስታግሣል ብዬ ሰጠኋት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ። ከዚያ ሰውነቷ ለመደው። አሁን ሲጎድልባት ነው እንዲህ የሚያደርጋት፤ ሲበዛባት ነው ያን ቀን የጣላት።»

አባቴ ከድንጋዩ ተነሥተው መጡ። ጎንበስ ብለው የወደቀውን ስትሪፕ አነሡና በመዳፋቸው ገለበጡት። ማንበብ አይችሉም።

«ይህ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባዬ።»

«የሚያድን ነው ወይስ የሚገድል?»

«እንደ አወሳሰዱ ነው። ሁለቱንም ያደርጋል።»

«አንተስ ይህን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመቱኝም። ስትሪፑን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ።

አጎቴ ያለው «ቀጥቃጩ አፍዞት ነው እንዲህ የሚያስቀባጥረው» ማለት ጀምሮ ነበር። አባ ክንፈሚካኤል መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው» አሉ። «ይህ ልጅ ዘግይቶም ቢሆን ገልጦታል። ልጂቱ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትሂድ። ጠበሉ የትም አይሄድም፤ ሲሻላት ትምጣ። ወደ ይርሳው ቤት የሚሄድ ካለ ደግሞ በእኔ ላይ ተራምዶ ይሂድ።»

ጎረምሶቹ አንድ ሁለት እያሉ ተበተኑ። አስካለ ማርያም ከመሬት ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች። ታመሰግነኛለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ ግን የምትለውንም አልጠበቅሁም።

«ትናንት ስትጠራህ ሰምተህ ነበር?» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«ልጆቼ አልጋ ሥር ነው ያደሩ» አለችና ሄደች።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የደረስነው በአይሱዙ ጋቢና ነው፤ አደይ በእናቴና በእኔ መካከል። ሐኪሙ በዕድሜ ከእኔ የማይበልጥ፣ ከሌላ አገር የተመደበ ልጅ ነበር። ሁሉንም ነገርሁት፤ አላቋረጠኝም። «በአንድ ጊዜ አይቆምም፣ በየሳምንቱ እየቀነስን ነው የምናስተዋት» አለ። ከዚያ እናቴን እያየ፣ «የሚሰጣት ሰው ግን አንተ አትሆንም» አለኝ።

እናቴ ፍኖተ ሰላም ክፍል ተከራይታ ሁለት ወር ያህል ተቀመጠች። ፊደል የማትቆጥር ሴት፣ የዕለቱን እንክብል ነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ሰዓቱን በፀሐይ እየለካች ትሰጣታለች። አደይ ለምናታለች፣ ሰድባታለች፣ አንድ ቀን እጇን ነክሳታለች። እናቴ የተነከሰውን እጇን በውኃ አጥባ፣ «ጨርሰሽ እንደሆን ምሳ ልስጥሽ» አለቻት አሉ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ ከበር ነው የምመለሰው። አደይ አላየውም ብላለች።

እኔም ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄጄ ያደረግሁትን ተናገርሁ። ኃላፊው ግራ ተጋባ። «ማን ከሰሰህ?» ይለኛል። ማንም አልከሰሰኝም። መድኃኒት ቤቱን አሸጉት፣ ፈቃዴንም ወሰዱ። ከመናኸሪያው ኋላ ስላለው ሰውዬም ነገርኋቸው፤ ጻፉት። በወሩ ባልፍ ሱቁ ክፍት ነው። ሄቨን የነገረችኝን የሁለቱን ልጆች ቤት አፈላልጌ ሄድሁ። የአንደኛው እናት አልቅሳ ሰማችኝ። የሁለተኛው አባት «ልጄን ሱሰኛ ልትለው ነው?» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ከፊቱ ቆሜ እኔም ስንት ወር በር ዘግቼ እንደኖርሁ አሰብሁ፤ ልፈርድበት አልቻልሁም።

አባቴ ከወር በኋላ አንድ ጭነት ጤፍ በበቅሎ አስጭነው ይርሳውን ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። ጎጆው ፈርሷል። ወናፉ የተተከለበት ጉድጓድና አመድ ብቻ ነው የቀረው። የት እንደሄዱ የሚያውቅ አልተገኘም። በዚያ ክረምት የቀዬው ገበሬ ማረሻ ለማሠራት ሽንዲ ድረስ ሲሄድ ከረመ።

አደይ የዚያን ዓመት ፈተና አልተቀመጠችም። በዓመቱ ተፈተነች፤ ነጥቧ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። ፍኖተ ሰላም ቴክኒክና ሙያ ገባች። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ተመልሳበታለች። ሁለተኛውን ጊዜ ራሷ ናት ለእናቴ የተናገረች። ከእኔ ጋር መነጋገር የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። «ሰጥተኸኝ አይደለም የተቀየምሁህ» አለችኝ። «ሲያመኝ ስታይ አንተ ነህ ቀድመህ የምትፈራው። የአንተን ፍርሃት ነበር የምውጠው።»

ጥቅምት 2009 ላይ፣ ዱርቤቴ አንድ እህል መጋዘን ውስጥ ተቀጥሬ ጆንያ ሳስቆጥር ስልኬ ጠራ። አደይ ናት።

«ጋሼ፣ መንጋጋዬ አብጧል። ሁለት ቀን አልተኛሁም። ምን ልውሰድ?»

ለስንት መቶ ሰው የመለስሁት ጥያቄ ነው። ስልኩን ይዤ ጆንያው ላይ ተቀመጥሁ።

«አለህ?» አለችኝ።

«አለሁ። ምንም አትውሰጂ። እየመጣሁ ነው።»

በእንጅባራ አቆራርጬ ፍኖተ ሰላም ስደርስ ከጥርስ ሕክምናው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ጉንጯን በሻርፕ አስራ ተቀምጣለች። አብሬያት ገባሁ። ሐኪሟ አደንዝዛ ስትነቅል አደይ አውራ ጣቴን ጨብጣ ልትነቅለው ደረሰች። ሲያልቅ ሐኪሟ የማዘዣ ወረቀቱን ስባ፣ «ማደንዘዣው ሲለቅሽ ያምሻል፤ ጠንከር ያለ ማስታገሻ ልጻፍልሽ» አለቻት።

አደይ አፏ ጥጥ ተጠቅጥቆበት መናገር አልቻለችም። እኔን አየችኝ። እኔም አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ከሐኪሟ ተቀበለችና ራሷ ጻፈችበት፤ «ትራማዶል አልወስድም። ሱስ ነበረብኝ።» ሐኪሟ አንብባ ቀና አለች፣ ምንም አልጠየቀቻትም። ኢቡፕሮፌን ጻፈችላት።

ወጥተን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ከሰዓት ነው፣ ፀሐዩ ይከርራል። ማደንዘዣው ሲለቃት ከፊቷ አየሁት።

«ያማል?» አልኋት።

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ጥጡን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ «አውራኝ» አለች። «ዝም ብለህ የሆነ ነገር አውራኝ።»

ስለ ዱርቤቴ ገበያ አወራኋት። አንድ ሰውዬ በሬ ሊሸጥ አምጥቶ፣ ገዢ ካገኘ በኋላ አልሸጥም ብሎ በሬውን ይዞ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ነገርኋት። ልትስቅ ሞክራ አመማት፤ ጉንጯን ይዛ ጎንበስ አለች። አቋረጥሁ።

«ቀጥል» አለችኝ።

ቀጠልሁ።